ወደ መሸሃ ቁልቁል

ጥቅምት 18 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ጎንደር

ካርታው ለካፌው ጠረጴዛ አልበቃ ብሎ ግማሹ ተንጠልጥሏል። አስተናጋጇ ማኪያቶውን የምታስቀምጥበት አጥታ ቆማለች። ፒያሳ ነን፣ እኔና አብሮ አደጌ። እሱ የሂሳብ መምህር ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ኢንጂነር ነው የምንለው። ያልለካውን ነገር አያምንም።

ሐሳቡ የእኔ ነው። ጎንደር ተወልጄ አድጌ ሰሜን ተራሮችን ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ ፎቶ ተነሳሁና ተመለስኩ። ወደ ታች ያየሁት ነገር ግን ከሆዴ አልወጣም። ከአፋፉ ሥር፣ ከጭጋጉ በታች፣ ውሃ አለ። ያን ሁሉ ገደል የቆረጠው እሱ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲሄድ እኔ ወርጄ ማየት አማረኝ።

"ራስ ደጀንን አንወጣም ማለት ነው?" አለ ኢንጂነር።

"አንወጣም።"

"ሰው ምን ይለናል?"

እውነቱን ነው። ሰሜን ተራሮች ሄጄ ነበር ስትል የመጀመሪያው ጥያቄ ራስ ደጀን ወጣህ ወይ የሚል ነው። (ብዙ ጊዜ ራስ ዳሸን ተብሎ ይጻፋል። ያገሩ ሰው ደጀን ይለዋል፤ እኔም ያገሩን ሰው ነው የምሰማው።) ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ ያገራችን ቁንጮ። እኛ የመረጥነው ወደዚያ የሚሄድ ሰው እየረገመ የሚያልፈውን ቦታ ነው። በቧሂት ተራራና በራስ ደጀን መካከል መሬቱ ድንገት ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ውስጥ መሸሃ ወንዝ ይፈሳል። ወርዶ ወርዶ ተከዜን ይቀላቀላል።

ኢንጂነር ከኪሱ ክር አወጣ። አንዱን ጫፍ ጨነቅ ላይ (መንገደኛ ድንኳን የሚተክልበት ሰፈር ነው)፣ ሌላውን ወንዙ ላይ ያዘ። ከካርታው ሚዛን ጋር አስተያየው። "ቀላል ነው። ግማሽ ቀን" አለ።

የከፍታ መስመሮቹን አየኋቸው። ወንዙ አጠገብ ሲደርሱ ተጠጋግተው አንድ ጥቁር ጭረት ሆነዋል። ክሩ ይህን አያውቅም። እኔም ዝም አልኩ።

ጥቅምት 24፣ ቅዳሜ

ጊዜውን ቆረጥን። ህዳር ነው። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ጥቅምት ሲገባ ተራራው አረንጓዴ ይሆናል፤ ግን ወንዙ ገና አይጎድልም፣ ቁልቁለቱም ጭቃ ነው። ከጥር በኋላ ደግሞ ሣሩ ይደርቃል፣ ሰማዩ ይደፈርሳል። ህዳር መሀል ላይ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። ህዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ኢንጂነር ከዚያ አውሬ አገር ተመልሶ ሽሮ ለመብላት ዝግጁ አይደለም።

ዛሬ ቅዳሜ ገበያ ሄድን። ዕቃ ለመግዛት ነበር፤ ከዕቃው ይልቅ ወሬው ጠቀመን። ከጃናሞራ፣ ከተራራው ማዶ ካለው ወረዳ፣ በግ ይዘው የመጡ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ሌሊቱን በአይሱዙ ተጉዘዋል። በጋቢያቸው ላይ የጠፍር ቀበቶ ታጥቀዋል። ኢንጂነር ከጨነቅ መሸሃ ስንት ኪሎ ሜትር ነው ብሎ ጠየቃቸው።

"ኪሎ ሜትር አላውቅም" አሉ። "ከጨነቅ በጠዋት የተነሳ ሰው መሸሃ ላይ ስንቁን ይፈታል። ጉልበት ያለው ተሻግሮ አምቢቋ መንደር ገብቶ ያድራል። የከተማ ሰው ደግሞ..." አዩን። ከላይ እስከ ታች። "እናንተ ወንዙ ላይ እደሩ።"

"እሺ አባቴ፣ መመለሱስ?"

"እሱን ሲደርስ ታዩታላችሁ።"

ኢንጂነር ደብተሩ ላይ ግማሽ ቀን የሚለውን ሰርዞ አንድ ቀን ብሎ ጻፈ። ሽማግሌው ሌላም ነገር ነገሩን። ወንዙን ቆዳ ጫማ አድርገህ አትሻገር፣ ኮንጎ ግዛ አሉ። ገዛን። ሁለት ጥንድ፣ አንዱ ሰማያዊ አንዱ አረንጓዴ። ኮንጎ የገጠር ሰው ጫማ ነው ብሎ የሚንቅ የከተማ ልጅ አንድ ቀን ወንዝ ይግባበት። ውሃው ገብቶ ይወጣል፣ እግርህ ግን በባዶው ስለታም ድንጋይ አይረግጥም። ማታውኑ ይደርቃል። እኔ ብዙ ብር ያወጣሁበት የተራራ ጫማዬ ለዚህ የሚሆን አይደለም።

ህዳር 5፣ ረቡዕ

ሻንጣ ስናዘጋጅ እናቴ በር ላይ ቆማ ታየናለች።

"ወዴት ነው?"

"ወንዝ ልናይ።"

"ወንዝ?" አለች። "እዚህ አንገረብ አለልህ። እዚያ ቀሃ አለልህ። ከተማው በሁለት ወንዝ መሀል ተቀምጦ አንተ ወንዝ ፍለጋ ጃናሞራ ትሄዳለህ?"

መልስ አልነበረኝም። እሷ ግን ስንቁን ሠርታ ጨርሳለች። በጨርቅ ከረጢት ድርቆሽ፣ በሌላው በሶ፣ በሌላው ዳቦ ቆሎ። ድርቆሽ ለእንዲህ ያለ ጉዞ ምን ያህል ብልህ ምግብ እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር። ክብደት የለውም፣ አይሻግትም፣ ሽሮ አፍልተህ ብትበትንበት ፍርፍር ነው። በሶ ደግሞ እሳት እንኳ አይፈልግም። ውሃና ጨው ወይም ስኳር በቃው። የታሸገ ቱና ለመግዛት አስበን ነበር፤ እናቴ ጣሳውን አንስታ በእጇ መዘነችና መለሰችው።

የቀረው ዕቃ ይህ ነው። ወፍራም ሹራብ ሁለት ሁለት፣ ጋቢ፣ የራስ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ሎሚ፣ የራስ ምታት መድኃኒት፣ ፋሻ፣ ገመድ። የእግር ጥፍራችንን ቆረጥን። ይህን የነገረን ተራራ አዘውትሮ የሚሄድ ጎረቤት ነው። ቁልቁለት ላይ ጣትህ የጫማውን ጫፍ እየመታ ይውላል፤ ያልተቆረጠ ጥፍር ማታ ጠቁሮ ታገኘዋለህ።

ህዳር 6፣ ሐሙስ፣ ጎንደር – ደባርቅ

በጠዋት መናኸሪያ ደረስን። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወለቃን አለፍን፤ ኮሶዬ ላይ ምድሩ በግራ በኩል ተንዶ ቆላው ታየ። አምባ ጊዮርጊስና ዳባት አካባቢ ገብሱ ወርቅ መስሏል። አጫጆች ጎንበስ ብለው ነው ያለፍናቸው። ሌላው መንገድ እንቅልፍ ነው።

ደባርቅ ላይ ግማሽ ቀን የወረቀት ሥራ አለ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያው ነው። የመግቢያ ትከፍላለህ፣ ስካውት፣ ማለትም የታጠቀ ጠባቂ፣ ይመደብልሃል። ያለ ስካውት መግባት አይፈቀድም። የኛ ስካውት አምሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ጠመንጃቸውን እንደ ዱላ የያዙ ሰው ናቸው። ጋሼ አልናቸው። የት ነው የምትሄዱት ሲሉን መሸሃ አልን።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እንመለሳለን።"

"ራስ ደጀንስ?"

"አንሄድም።"

ትንሽ ዝም አሉ። "ጥሩ። ጥቂት ነው የምትለፉት" አሉ። ቆይቶ ሲገባኝ ቀልድ ነበር።

በቅሎ የምትከራይ ሰው አንድ ነገር ያስታውስ። ሒሳቡ በቀን ነው፤ በቅሎውና ጫኙ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበትም ቀን ይከፈላል። እኛ ይህን ደብተራችን ላይ አልያዝነውም ነበርና በጀቱ ከጅምሩ ተናጋ። ጫኙን አያ እንላቸዋለን፤ እዚህ ታላቅን ሰው እንዲህ ነው የሚጠሩት። በቅሏቸው ግራጫ ናት፤ ሰው አትወድም።

ድንኳን ከአንድ አከራይ ወሰድን። እዚያው ዘርግቼ ልየው ብዬ ነበር፤ መሽቷል፣ ብርድ ነው፣ ኢንጂነር ርቦታል። አላየሁም። ይህን ነገር ያዙልኝ።

(ማስታወሻው የ2011 ነው። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። ዛሬ የሚያስብ ሰው ከካርታው በፊት የአካባቢውን ሁኔታ ይጠይቅ።)

ህዳር 7፣ ዓርብ፣ ደባርቅ – ጨነቅ

አይሱዙ ላይ ከገብስ ጆንያና ከሰው ጋር ተጫንን። በሳንቃ በር በኩል ነው መንገዱ። ከሳንቃ በር አለፍ ብለን ሾፌሩን ለምነን አስቆምነው። የጅንባር ወንዝ የሚወድቅበትን ገደል ለማየት ነው። በአስታው ዛፍ መሀል ለመሀል በሩጫ ሄድን። ውሃው 500 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በህዳር ቀጭን ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ከመሬት ሳይደርስ እንደ ጭስ ይበተናል።

ኢንጂነር ዝም ብሎ ቆመ። "ይህች ቀጭን ነገር ናት ይህን ያህል የቆረጠችው?"

ናት። ያ ሁሉ ተራራ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው፤ ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት ጀምሮ ንብር በንብር የተደራረበ። ከዚያ ወዲህ ያለው የዝናብ፣ የበረዶና የወንዝ ሥራ ነው። የገደሉን ግድግዳ ስታይ ንብሮቹ እንደ ሽልጦ ይቆጠራሉ።

ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ተሳፋሪው ተቆጥቶ ነበር፤ ይገባዋል።

ጨነቅ 3,600 ሜትር ላይ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣው እንጃ፤ ማታ ሲመሽ ግን ብርዱ በእርግጥ ያስጨንቃል። ጭላዳዎቹ ሣር ሲግጡ ዋሉ። ሲመሽ ተራ በተራ ወደ ገደሉ ግድግዳ ወርደው ጠፉ። እዚያ ነው የሚያድሩት፤ ነብር አይደርስባቸውም።

ድንኳኑን ዘረጋን። አንዱ ምሰሶ ተሰብሮ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ስንወጥረው ፕላስተሩ ለቀቀ። ኢንጂነር በሁለት እርሳስና በገመድ አሰረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቅጽል ስሙን ሠርቶ አገኘው።

ህዳር 8፣ ቅዳሜ፣ ጨነቅ – መሸሃ

ሌሊት የጄሪካኑ ውሃ አፉ ላይ በረዶ ሠራ። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሳን።

የሚገርመው ነገር ወደ ታች ለመውረድ መጀመሪያ መውጣት አለብህ። ከጨነቅ የቧሂት ማለፊያ ድረስ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። የመኪና መንገድም ወደ ጃናሞራ በዚያው ያልፋል፤ እኛ በእግር ሄድን። ዳገቱ ላይ ጅብራ ብቻ ነው። ለዓመታት ቆሞ ያድጋል፣ አንዴ ያብባል፣ ይሞታል። የሞቱት ከከሰል እንደተሠራ ዓምድ ቆመዋል። 4,200 ሜትር ላይ ስንደርስ ራሴን በመዶሻ የሚመታኝ አለ። ሎሚ መጠጥኩ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ቀስ አልኩ። ጋሼ ሲጋራ አጨሱ።

ከማለፊያው ማዶ ሁሉም ነገር ታየ። ከፊት ለፊት ራስ ደጀን፣ እንደ ተኛ በሬ። በእኛና በእሱ መሀል ምድር የለም። ታች በጣም ታች፣ ጥላ ውስጥ፣ አንዲት ነጭ ክር።

"ክር" አለ ኢንጂነር ቀስ ብሎ። ከዚያ ወዲያ ስለ ልኬት አላነሳም።

ከማለፊያው እስከ ወንዙ 1,400 ሜትር ቁልቁል ነው። ወንዙ ያለው 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። በሌላ አነጋገር ከጎንደር ከተማ እጅግ የሚበልጥ ከፍታ ላይ ሆኖ ጉድጓድ ይባላል። መጀመሪያ ጓሳ ነው፣ ከዚያ ጭሮ ለባ መንደር ድረስ የገብስ ማሳ፣ ከዚያ በታች ድንጋይና ቀጋ። በየመቶ ሜትሩ አንድ ልብስ ታወልቃለህ። ጠዋት ሹራብ ላይ ጋቢ፣ ቀትር ላይ ቲሸርት።

ጭሮ ለባ ላይ ውሃ ስንጠጣ ጋሼ በአገጫቸው አሳዩን። ደረስጌ ማርያም እዚያ ማዶ ናት አሉ። ራስዋን አላየሁም፤ አቅጣጫዋን ነው ያየሁት። የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ንግሥናቸውን አስበው ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን ናት። የነገሡባት ግን ያሸነፏቸው ካሳ ናቸው፣ በየካቲት 1847፣ ቴዎድሮስ ተብለው። ሰው በሠራው ቤት ሌላ ሰው ሲነግሥበት! እኔ በፋሲል ግንብ ጥላ ያደግሁ ልጅ ይህን ታሪክ ከክፍል ውስጥ አውቀዋለሁ። ተራራው ላይ ቆሜ ሳስበው ግን ሌላ ሆነብኝ። በዚህ ቁልቁለት ጦር፣ ስንቅና በቅሎ አሳልፎ ለጦርነት መድረስ ምን ዓይነት ጉልበት ነው?

ከጭሮ ለባ በኋላ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የልብ ሳይሆን የጉልበት። አያ ከፊቴ በኮንጎ እየዘለሉ ይወርዳሉ። "ቁልቁለት ብድር ነው፣ ጌታው" አሉኝ። "አሁን እየተበደርክ ነው።"

ወንዙ አጠገብ የደረስነው ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። አምቢቋ ማዶ ዳገት ላይ ነው። አያ እምቢ አሉ። በቅሏ ደክማለች፣ ዳገቱ ላይ ይመሻል። ኢንጂነር ደብተሩን አወጣና መልሶ ከተተው። ቅዳሜ ገበያ ያገኘናቸው ሽማግሌ ትዝ አሉኝ።

ወንዙ ዳር ለጥ ያለ አሸዋ አየሁና ሻንጣዬን አወረድኩ። ጋሼ ሻንጣዬን አንስተው ዳገቱን ወጡ። ምንም አልተናገሩም። ተከተልኩ። በመንገድ ላይ አንድ ቁጥቋጦ አሳዩኝ። ቅርንጫፉ ላይ፣ ከራሴ በላይ፣ ደረቅ ሣርና ጭራሮ እንደ ወፍ ጎጆ ተጠምጥሟል።

"የማን ጎጆ ነው?"

"የወንዙ" አሉ። "ክረምት እዚህ ድረስ ነው።"

ከዚያ በላይ ባለች ደልዳላ ላይ አደርን። ሳይተኙ በፊት ጋሼ ወደ ውሃው ወርደው ልክ ጠርዙ ላይ አንድ ጥቁር ድንጋይ አስቀመጡ።

ህዳር 9፣ እሑድ፣ መሸሃ

ድንጋዩ የለም።

ሌሊት ከላይ በኩል ነጎድጓድ ሰምቼ ነበር፤ ሕልም መስሎኝ ነበር። እኛ ጋ ጠብታ አልወረደም። የላይኛው አገር የዘነበው ግን ሌሊቱን ሙሉ ተጉዞ እኛ ጋ ደረሰ። ትናንት ጠጠሩ ይታይ የነበረው ውሃ ቡና በወተት መስሏል። ብዙ አልጨመረም፤ ሁለት ስንዝር ቢሆን ነው። ጋሼ ድንጋዩ የነበረበትን ቦታ ትክ ብለው አዩ። ሌላ ድንጋይ አዲሱ ጠርዝ ላይ አስቀመጡና ተቀመጡ።

ደብተራችን ላይ ዛሬ አምቢቋ ነበር። ነገ ደግሞ በወንዙ ማዶ ለማዶ ወደ ታች። ጋሼን ጠየቅናቸው። እንሻገር ካላችሁ እንሻገራለን አሉ፤ ዛሬም ላይኛው አገር ከዘነበ ግን ማዶ ትቀራላችሁ፣ ማክሰኞ የቀጠራችሁትን መኪና ስልክ በሌለበት ማን ይነግርላችኋል? መልስ የለንም። በዚህ ላይ ስንቁ ለአምስት ቀን ነው የተለካው። ኢንጂነር ነው የለካው።

እስከ 5 ሰዓት ተቀምጠን ሁለተኛውን ድንጋይ ጠበቅን። ወንዝ እንዲህ አድርጌ አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ ድንጋዩ ግማሽ ውስጥ ነበር። ከዚያ እርጥብ ሆኖ ወጣ። ከዚያ አናቱ ደረቀ። ከዚያ በእሱና በውሃው መሀል አንድ ጫማ የሚሆን እርጥብ አሸዋ ተዘረጋ። ጋሼ ተነሱ።

ያለ በቅሎ፣ ያለ ሻንጣ ተሻገርን፤ ማታ ለመመለስ ተስማምተን። እኔ ጠባቡን ቦታ መርጬ ነበር፤ አራት እርምጃ ቢሆን ነው። ጋሼ ሰፊውን መረጡ። ጠባብ ቦታ ውሃው ጥልቅና ጉልበተኛ ነው፤ ሰፊው ጋ ተበትኖ ጉልበቱ ይደክማል። ፊትህን ወደሚመጣው ውሃ ታዞራለህ። ዱላውን ከፊትህ ትተክላለህ። አንድ እግር ሳይጸና ሌላውን አታነሳም። ውሃው እስከ ጉልበቴ ብቻ ነበር፣ ግን ይገፋል። ብርዱ አጥንት ይገባል። ኮንጎዬ ግን ያዘልኝ።

ማዶ ለማዶ ትንሽ ወደ ታች ሄድን። እዚያ ዓለቱ ተጠጋግቶ ወንዙ በጠባብ በር ያልፋል። ዓለቱ ላይ ክብ ክብ ጉድጓዶች አሉ፤ አንዳንዱ ጋን ያህላል። ውስጣቸው ሙልሙል ድንጋዮች ተቀምጠዋል። ወንዙ ሲሞላ ድንጋዮቹን ጉድጓዱ ውስጥ ያሽከረክራቸዋል፣ እነሱም ዓለቱን ይፈጩታል፣ ራሳቸውም ይፈጫሉ። ወፍጮ ነው። ኢንጂነር አንዱ ጉድጓድ ውስጥ እጁን እስከ ትከሻው ከተተ። መሬቱን አላገኘውም።

እዚያ ቁጭ ብለን በሶ በጠበጥን። ሁለት ሰዓት ያህል ማንም አልተናገረም። የመጣሁበት ይህ ነበር ማለት ነው።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ ካለ አውድማ ሰው ጠራን። በሬዎች ገብስ ያበራያሉ። አንዲት እናት ጠላ በጣሳ አቀረቡልን፣ ቆሎም ዘገኑልን።

"ራስ ደጀን ደርሳችሁ መጣችሁ?"

"አይ እናቴ፣ ወንዙን ልናይ ነው የመጣነው።"

"ወንዙን?" ወደ ታች አዩ፣ ወደ እኛ አዩ። "ወንዝ ምኑ ይታያል? እኛ በየቀኑ እንስራ ተሸክመን ነው የምንወጣው።"

እናቴ የነገረችኝን ነው ደግመው የነገሩኝ። ጠላውን በአንድ ትንፋሽ ጠጥቼ አፍሬ ተነሳሁ።

ህዳር 10፣ ሰኞ፣ መሸሃ – ጨነቅ

ብድር መክፈያ ቀን።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት በባትሪ ተነሳን። ፀሐይ ሳይወጣ ጭሮ ለባ ለመድረስ ነው። ዳገቱ ፀሐዩን ፊት ለፊት ይቀበላል፤ ዛፍ የለም። የምንወጣው 1,400 ሜትር ነው፣ ያውም ትናንትና ከትናንት ወዲያ በተፈታ ጉልበት፣ በጎደለ ስንቅ።

ተራራ የሚወጣ ሰው ሲደክመው መመለስ ይችላል፤ መመለሻው ቁልቁል ነው። ሸለቆ የሚወርድ ሰው ይህ የለውም። ሲደክመው ገና ከባዱ አልተጀመረም። ደብተራችን ላይ የመመለሻው ቀን አጭር ተብሎ ነበር የተጻፈው፤ መንገዱን አውቀነዋል በሚል። ዛሬ ባዘጋጀው ለመመለሻው ሁለት ቀን እሰጥና ጭሮ ለባ አድራለሁ። ከስንቁም ግማሹን ለዚያ አቆያለሁ።

ኢንጂነር ሃምሳ እርምጃ ቆጥሮ ያርፋል። ከዚያ ሠላሳ ሆነ። ከዚያ አሥር። 4,000 ሜትር አካባቢ የበላውን አስመለሰ። አያ በቅሏ ላይ ውጣ አሉት፤ ኮርቶ እምቢ አለ። ትንሽ ቆይቶ የበቅሏን ጅራት ያዘ። ያገሩ ሰው እንዲህ ነው ዳገት የሚወጣው አሉ አያ፣ ክብሩን ለመጠበቅ። ትንሽ ቆይቶ ላይዋ ላይ ነበር። እኔ ጅራቱን ያዝኩ።

ማለፊያው ላይ 9 ሰዓት ደረስን። ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ጭጋግ ሞልቶታል። ምንም አይታይም።

ህዳር 11፣ ማክሰኞ

መኪናው አራት ሰዓት ዘገየ። ጨነቅ ላይ ተቀምጠን ሳለ ሁለት ዋልያ፣ አንዱ ቀንዱ ወደ ኋላ እስከ ጀርባው የታጠፈ፣ ከገደሉ ጫፍ ላይ ወጥተው አዩን። ቆመው ትንሽ ጠበቁና ወደ ታች ወረዱ። ቀላል አስመሰሉት። ደባርቅ ማታ ገባን። ድንኳኑን ለአከራዩ መለስን። ምሰሶውን ሰበራችሁ ብሎ ጠየቀን። ኢንጂነር እርሳሶቹን ፈትቶ ወሰደ እንጂ አልተከራከረም።

ህዳር 12፣ ረቡዕ፣ ጎንደር

ሚካኤል ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ነጭ የለበሰ ሰው ሞልቷል። ጎንደር ስንገባ ከየደጁ ጭስ ይወጣል። ህዳር ሲታጠን ነው። ቆሻሻ ሁሉ ተጠርጎ ይቃጠላል። መነሻው የህዳር በሽታ ነው ይባላል፣ በ1911 የገባው ወረርሽኝ። ዘንድሮ ልክ መቶ ዓመቱ ነው። ሰፈራችን ጎዳና ላይ ይህን የሚያስብ ሰው አላየሁም፤ ልጆች እሳት ይዘላሉ።

እናቴ በር ላይ ቅጠል እያቃጠለች ነው። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ወንዙ ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"ኮንጎህን ከውጭ አውልቅ።"

ማታ ኢንጂነር ደወለ። ካርታውን እንደገና ዘርግቷል። በዚህ ጊዜ ክሩን ቀጥ አድርጎ አልሳበውም፤ በየጥምዝምዙ፣ በየዳገቱ፣ በየሄድንበት አስኪዶታል። ከዚያም አልቆመም፣ ከመሸሃ ወንዙን ተከትሎ ወደ ተከዜ።

"እና?"

"ክሩ አልቆብኛል" አለኝ። "ነገ ስትመጣ ሌላ ግዛ።"